ብሎግ ላድርገው ወይስ ፔፐር? የሠራችሁትን ኮድ በሁለቱም መንገድ የመጻፍ አሠራር

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። ባሕር ዳር ካለው ፖሊ ካምፓስ የሚመረቁ ልጆች ይጠይቁኛል። አብረውኝ የሚሠሩም ይጠይቁኛል። «አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ብሎግ ላድርገው ወይስ ፔፐር?» ጣና ዳር ቡና ይዘን መልሻለሁ። በቴሌግራም መልሻለሁ። ባጃጅ ውስጥ፣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀንሶ እየሰማን ሳይቀር መልሻለሁ። ከአሁን በኋላ ይህንን ነው የምልከው።

ብሎግ ስል፣ ማንም ሳያጸድቀው ዛሬ ጽፋችሁ ዛሬ በራሳችሁ ስም የምታወጡትን ማለቴ ነው። ፔፐር ስል ደግሞ ለኮንፈረንስ ወይም ለጆርናል ተልኮ፣ ሙያውን የሚያውቁ ገምጋሚዎች አንብበውት፣ ካለፈ የሚታተመውን ነው።

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ምሳሌ እወስዳችኋለሁ። ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች መንገደኛ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም አለ እንበል። ትኬት ቆራጯ «ባሕር ዳር» ብላ ከባሕር ዳር የመጡትን ትፈልጋለች። የሚመጣላት ግማሹ ብቻ ነው። የቀሩት «ባህር ዳር» ተብለው ነው የተመዘገቡት። ለእኛ ያው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ህ፣ ሕ እና ኅ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ የሄክስ (በ16 የሚቆጠር) ቁጥራቸው በቅደም ተከተል 1205፣ 1215 እና 1285 ነው። ችግሩን ፈታችሁት። አሁን ልትጽፉ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሥራ ማስታወሻ። ደብተርም ይሁን ተራ የጽሑፍ ፋይል።
- ጊት፣ ወይም የኮዳችሁን የቀድሞ መልክ የሚያስቀምጥ ሌላ መሣሪያ።
- ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የጽሑፍ ማዘጋጃ። ለብሎግ ማርክዳውን፣ ማለትም ርዕስና ዝርዝር በቀላል ምልክት የሚለይበት ተራ ጽሑፍ፣ ይበቃል።
- ለፔፐር የአታሚው ቴምፕሌት፣ በዎርድ ወይም በላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዝ እየጻፉ ለኅትመት የሚያዘጋጁበት ፕሮግራም)።
- የምታነቧቸውን ጽሑፎች የሚመዘግብ ፕሮግራም። ዞቴሮ ነጻ ነው።
- አንድ የማያፍራችሁ ጓደኛ። «ይሄ አልገባኝም» የሚል።

ደረጃ 1፦ ማስታወሻውን ኮዱን በጀመራችሁበት ቀን ጀምሩ

ቀኑን፣ የገጠማችሁን ኤረር ቃል በቃል፣ የሞከራችሁትን፣ ያልሠራውን ጻፉ። የዳታቤዙንና የላይብረሪዎቹን ቨርዥን ጨምሩ። በቀን ሦስት መስመር ይበቃል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ከወር በኋላ የምታስታውሱት የመጨረሻውን መፍትሔ ብቻ ስለሆነ ነው። የብሎግ አንባቢ ግን የሚጠቀመው ከከሸፈው ሙከራችሁ ጭምር ነው፤ እሱም እዚያው ላይ ነው የቆመው። ፔፐር ላይም «ዘዴ» የሚባለው ክፍል በሙሉ ከዚህ ማስታወሻ ነው የሚወጣው። እኔ አንዴ ያለ ማስታወሻ ልጽፍ ቁጭ ብዬ፣ የትኛውን የፊደል ሠንጠረዥ እንደተጠቀምኩ ለማወቅ ሦስት ቀን የራሴን ኮድ ሳነብ ከረምኩ።

ደረጃ 2፦ ያላችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የ«ብሎግ ወይስ ፔፐር» ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የጽሑፉ ርዝመት አይወስነውም። የሥራው ክብደትም አይወስነውም።

ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ገጠመኝ፤ እንዲህ አደረግሁ፤ ሠራልኝ» የሚል ከሆነ ብሎግ ነው።

«ይህ መንገድ ከዚያኛው መንገድ በዚህን ያህል ይሻላል፤ የሚሻለውም በእነዚህ ሁኔታዎች ነው» የሚል ከሆነ የፔፐር ዘር አለው።

እንደ ህ፣ ሕ እና ኅ ያሉትን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ሞክሼ እንላቸዋለን። በእኛ ምሳሌ «ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጌ ሰርቹን አስተካከልኩ» ብሎግ ነው፤ ጥሩ ብሎግ። «የቦታና የሰው ስም ሲፈለግ ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ የሚገኘውን ውጤት ምን ያህል ያሻሽላል፣ ምን ያህልስ ያበላሻል?» ወደ ፔፐር የሚሄድ ጥያቄ ነው። መልሱ ቁጥር ይፈልጋላ።

ካልለየላችሁ ብሎጉን አስቀድሙ። ግን ከዚያ በፊት ደረጃ 7 ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ብሎጉን ጻፉ

ሀ. ርዕሱን ሰው እንደሚፈልገው አድርጉት። «በአማርኛ ሰርች ዙሪያ አንዳንድ ነጥቦች» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «ባሕር ዳር ብዬ ስፈልግ ባህር ዳር አይመጣም» ብሎ የሚፈልግ ግን አለ። የኤረር መልእክት ካለ በወጣበት ቋንቋ እንዳለ ለጥፉት። ሰው የሚፈልገው ኮፒ አድርጎ ነው፤ ተርጉማችሁ ካስቀመጣችሁት አያገኘውም።

ለ. መፍትሔውን ላይ አምጡት። አንባቢው ሥራ ላይ ነው፤ አለቃው እየጠበቀው ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ችግሩንና መፍትሔውን ይያዝ። ታሪኩ ከዚያ ይከተል።

ሐ. ኮዱ ሙሉ ይሁን። ኮፒ ተደርጎ የሚሠራ። በፎቶ አትለጥፉት፤ ፎቶ ኮፒ አይደረግም፣ በሰርችም አይገኝም፣ የአንባቢውንም ዳታ ይበላል።

መ. ያልሠራውን አሳዩ። በዚህ ምሳሌ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የሐ ረድፍ በዩኒኮድ ከሀ ረድፍ በ16 ቁጥር ይርቃል (1205 እና 1215 በሄክስ ስለተጻፉ ልዩነቱ 10 ይመስላል እንጂ በተለመደው አቆጣጠር 16 ነው)። «16 ቀንሼ ጨረስኩ» ትላላችሁ። ሕ በእርግጥ ህ ይሆናል። ግን ሀ እና ሃስ? በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ረድፋቸውም አንድ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ይለያያል። አ እና ኣም እንደዚያው። ስለዚህ ረድፍ ማንሸራተት አይበቃም፤ የፊደል ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ፦ መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ነው፤ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። ይህን 12 በሠንጠረዥ አድርጋችሁ ብታሳዩ፣ አንባቢው የቀረውን ማብራሪያ ሳያነብ ይገባዋል።

ሠ. የማይሠራበትን ቦታ ተናገሩ። ሠ እና ሰን አንድ ስታደርጉ ሠረቀ እና ሰረቀም አንድ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሁለተኛው የሌባ ሥራ ነው። ትኬት ቆራጯ በአቤቱታ መዝገብ ላይ «ሰረቀ» ብላ ብትፈልግ፣ ሠረቀብርሃን የሚባል ምስኪን መንገደኛ ከሌቦቹ ጋር ይመጣላታል። ብሎግ ላይ ይህን በሁለት መስመር መጥቀስ ይበቃል። ፔፐር ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ረ. ቀንና ቨርዥን ጻፉ። በዓመተ ምሕረት ከጻፋችሁ ዓ.ም. በሉ፤ የአውሮፓውያኑ ከሆነም እሱኑ ግለጹ። አለበለዚያ ጽሑፉ አዲስ ይሁን ሰባት ዓመት የቆየ የሚያውቅ አይኖርም።

ሰ. ለጓደኛችሁ ስጡት። ኮዱን በራሱ ማሽን ላይ ያስኪደው። የቆመበት ቦታ የእናንተ ጽሑፍ ጉድለት ነው፤ የእሱ ድክመት አይደለም።

ከዚያ አውጡት። ብሎግ ላይ ከወር በላይ መቆየት ምንም አይጨምርም። ስህተት ከተገኘ ታስተካክላላችሁ፤ «በዚህ ቀን ተስተካክሏል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ፔፐር ግን ከታተመ በኋላ እንዲህ በቀላሉ አይታረምም።

ማስጠንቀቂያ፦ የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ በምንም ዓይነት አትለጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ ውጤቱን ለማሳየት ብዬ ስክሪንሾት ለጠፍኩ። ስልክ ቁጥሩን መሸፈን ረሳሁ። በነጋታው አጠፋሁት፤ ግን ያየው አይቶታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ «ረሳሁት» መልስ አይሆንም። ለምሳሌ የሚሆኑ ስሞችን ራሳችሁ ፍጠሩ። የመሥሪያ ቤታችሁ ኮድ ከሆነም መጀመሪያ አስፈቅዱ።

ደረጃ 4፦ ለፔፐር፣ ከመጻፍ በፊት የተጻፈውን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የምርምር ጽሑፎችን በሚፈልገው ጉግል ስኮላር የርዕሱን ቃላት እያቀያየራችሁ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ዞቴሮ ውስጥ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ምን እንደለካና ምን እንዳልለካ አንድ መስመር ጻፉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ካለው በምን ይለያል?» ብሎ ነው። የአማርኛ ሞክሼ ፊደላትን አንድ ስለማድረግ ከተጻፈ ቆይቷል። «ሞክሼ ፊደላት ችግር ናቸው» ብላችሁ ብትልኩ ተመላሽ ነው። ጥያቄያችሁን ማጥበብ አለባችሁ፦ የቦታ ስም ብቻ፣ የሰው ስም ብቻ፣ አጭር መዝገብ ብቻ።

ደረጃ 5፦ ለኩ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። የመጀመሪያ ፔፐሬን ለአንድ ኮንፈረንስ ስልክ፣ በደንብ የተጻፈ ብሎግ ነበር። ታሪክ አለው፣ ኮድ አለው፣ ቀልድም ነበረው። የገምጋሚው መልስ በአጭሩ «ምንም የተለካ ነገር የለም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው።

ለመለካት ሦስት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ መነሻ። ምንም ያልተነካው ሰርች ምን ውጤት ያመጣል? ያለ መነሻ «ተሻሻለ» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የታወቀ መዝገብ። ይህንን ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አድካሚ ነው። ቢቻል ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥሩትና የተለያዩበትን ቆጥራችሁ አስቀምጡ። አንድ ሰው ብቻ ከሠራው ገምጋሚው ይጠይቃችኋል።

ሦስተኛ፣ መስፈሪያ። ለሰርች የተለመዱት ፕሪሲዥንና ሪኮል ናቸው። ፕሪሲዥን፣ ካመጣው ውስጥ ስንቱ ትክክል ነው? ሪኮል፣ ማምጣት ከነበረበት ውስጥ ስንቱን አመጣ? ለማስረዳት ያህል፦ ከባሕር ዳር የመጡት 40 ናቸው እንበል። ሰርቹ 30 አመጣ፤ 24ቱ ትክክል ናቸው። ፕሪሲዥን 24 ለ30 ነው፤ 0.8። ሪኮል 24 ለ40 ነው፤ 0.6።

ሁለቱንም አሳዩ። ሞክሼ ፊደላትን አንድ ስታደርጉ ሪኮል ይወጣል፤ ሠረቀብርሃንን የመሰሉት ሲገቡ ደግሞ ፕሪሲዥን ሊወርድ ይችላል። አንዱን ብቻ አሳይቶ ሌላውን መደበቅ ወዲያው ነው የሚታወቀው።

ልብ በሉ፦ ሠንጠረዡን ባስተካከላችሁበት መዝገብ ላይ መልሳችሁ አትለኩ። ተማሪው የፈተናውን መልስ አይቶ እንደመፈተን ነው። ለማስተካከያና ለመለኪያ የሚሆነውን መዝገብ ከመጀመሪያው ለዩ።

ደረጃ 6፦ ፔፐሩን ከመካከሉ ጀምራችሁ ጻፉ

ከመግቢያ አትጀምሩ። ዘዴውን ጻፉ፤ ማስታወሻው ስላለ ቀላል ነው። ቀጥሎ ውጤቱን፣ ከዚያ ውይይቱንና የሥራውን ውስንነት። መግቢያውን ከዚያ በኋላ ጻፉ። አብስትራክት፣ ማለትም ከላይ የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ፣ የመጨረሻ ነው። ውጤቱን ሳታውቁ የተጻፈ መግቢያ የማትፈጽሙትን ነገር ቃል ይገባል።

ብሎጉን ኮፒ አድርጎ «መደበኛ» ለማድረግ መሞከር አይሠራም። ጊዜ ይበላል እንጂ። ብሎግ በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ፔፐር ያስረዳል። «ማታ 5 ሰዓት ላይ ነገሩ ገባኝ» ይወጣል። «ፈጣን ነው» የሚለው ወጥቶ ስንት ሚሊሰከንድ፣ በምን ማሽን፣ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ የሚለው ይገባል። ሌላ ሰው የእናንተን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ሥራውን መድገም ከቻለ በቂ ነው።

ሁለት ነገር በተለይ ለእኛ፦

ስማችሁን በአንድ ፊደል አጻጻፍ ጽፋችሁ እሱኑ ዘላለም ተጠቀሙ። የውጭ አታሚዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱታል። ስለዚህ የምትጠቀሱት በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ስም ነው። አንዱ ፔፐር ላይ ከአባት ጋር፣ ሌላው ላይ ከአያት ጋር ከጻፋችሁ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ በነጻ አውጡ።

የአማርኛ ፊደል ፔፐሩ ውስጥ ካለ ፒዲኤፉን ሌላ ማሽን ላይ ክፈቱት። ተራው ላቴክ የእኛን ፊደል ያለ ተጨማሪ ዝግጅት አያወጣም፤ ዚላቴክ የሚባለው ሌላው የላቴክ ዓይነት የግዕዝ ፊደል ባለው ፎንት ይቀላል። አታሚው ዚላቴክን ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ካልተካተተ ገምጋሚው የሚያየው ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ስለ ፊደል የተጻፈ ፔፐር ያለ ፊደል!

ደረጃ 7፦ የምትልኩበትን ቦታ መርምሩ

- በአንድ ጊዜ ለሁለት ቦታ አትላኩ። ክልክል ነው፤ ከሁለቱም ያስወጣል።
- ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም እንዳያይ የሚደረግበት ቦታ ከሆነ፣ ያው ሥራ በስማችሁ ብሎግ ላይ መውጣቱ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ቀድሞ ስለወጣ ጽሑፍ የሚሉትን ደንባቸውን አንብቡ። ግልጽ ካልሆነ ለአዘጋጆቹ ጻፉ። ለዚህ ነው ደረጃ 2 ላይ ቆዩ ያልኳችሁ።
- «በአምስት ቀን እናትማለን» የሚል፣ ሳታውቁት በኢሜይል የሚያቆላምጣችሁ፣ ክፍያውን ፔፐሩ ካለፈ በኋላ የሚነግራችሁ ጆርናል ካጋጠማችሁ ሽሹ። አርታኢዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ በእርግጥ እዚያ ይሠሩ እንደሆነ እዩ። ጆርናሉ በክፍት የሚነበብ ከሆነ፣ ዶአጅ የሚባለው ማውጫ ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ።
- የገጽ ወሰኑን አክብሩ። በአንድ ገጽ ያለፈ ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል።

ኮዱንና መለኪያውን የምርምር ፋይሎች በሚቀመጡበት ዜኖዶ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብታስቀምጡ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ይሰጣችኋል፤ በነጻ ነው። ሊንክ ይጠፋል፤ ይህ ግን ይቆያል።

ደረጃ 8፦ የገምጋሚዎችን አስተያየት መልሱ

ሲመጣ ያናድዳል። አንድ ቀን አሳድሩት። ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ቁጥር ሰጥታችሁ ከሥሩ ምን እንዳደረጋችሁና በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ጻፉ። ያልተስማማችሁበትን በምክንያት መልሱ፤ ዝም ብላችሁ አትለፉት። «ገምጋሚው አልገባውም» ከማለታችሁ በፊት አንቀጹን እንደገና አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን አድበስብሰን የጻፍነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ስም ራሱን መቀየር። የተስተካከለው ጽሑፍ ለሰርች ብቻ በሌላ ኮለም ይቀመጥ። ሰውየው ስሙን «ኃይሉ» ብሎ ካስመዘገበ ትኬቱ ላይ «ሀይሉ» ተብሎ መውጣት የለበትም። ይህንን ስህተት አስተማሪ ብለው በብሎግ የሚያሰራጩ አሉ።
- የብሎግ ቋንቋን ማክበድ። «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ መሠረት» የሚል ብሎግ ማንም አይጨርስም።
- በፔፐር ላይ የራስን መሣሪያ ማስተዋወቅ። ገምጋሚ ደንበኛችሁ አይደለም።
- ከሌላ ሰው ብሎግ ኮድ ወስዶ አለመጥቀስ። ለብሎግም ለፔፐርም ያው ነውር ነው። ፈቃዱንም እዩ፤ ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ነጻ ነው ማለት አይደለም።
- መብራት ሲሄድ ድራፍቱ አብሮ መሄዱ። ማሽናችሁ ላይ ጻፉ፣ በየቀኑ ጊት ውስጥ አስገቡ፣ ኔት ሲመጣ ላኩት። ኔት ላይ ብቻ የሚከፈት ድራፍት እዚህ ከተማ አያዋጣም።

ፔፐሩ ካለፈ በኋላ ወደ ብሎጉ ተመለሱ። ከላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የተለካው ውጤት እዚህ አለ፣ ከነሊንኩ። በልኬቱ ስህተት ሆኖ የተገኘ ነገር ብሎጉ ላይ ካለ በዚያው ቀን አርሙት፤ ትኬት ቆራጯ የምታነበው ፔፐሩን ሳይሆን ብሎጉን ነውና።